«እያንዳንዱ» የምትለዋ ቃል፦ የአለርጂ የደም ምርመራ ቢል ለምን እንደሚንር

ባለፈው ዓመት አንዲት ጎረቤቴ ፖስታ ይዛ መጣች። የምንኖረው ሜሪላንድ ነው፤ የአንዳችንን ደብዳቤ አንዳችን እናነባለን። ቡናው ገና ሳይፈላ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «አንተ እንግዲህ ይሄን ሥራ ትሠራለህ፣ እስቲ እየው። ከልጁ የቀዱት አንድ ብልቃጥ ደም ነው። 912 ዶላር ምን የሚሉት ነው?» አለችኝ።

እውነቷን ነው፣ ሥራዬ ይሄው ነው። ሐኪሞች የሠሩትን ወደ ኮድ፣ ኮዱን ወደ ገንዘብ የሚቀይረው ክፍል ውስጥ ነው የምውለው። ልጇ አራት ዓመቱ ነው። መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ የኦቾሎኒ ቅቤ የተቀባ ዳቦ ቀመሰ፣ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ከንፈሩ አበጠ፣ አንገቱና ደረቱ ላይ ሽፍታ ወጣበት። ሐኪም ጋ ወሰደችው፣ ደም ተቀዳ፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ ይሄ ፖስታ መጣ። ኢንሹራንሱ አልከፍልም ብሏል። ምክንያቱ በአንድ መስመር ተጽፏል፤ «ለሕክምና አስፈላጊነቱ አልተረጋገጠም»። እሷን ያበሸቃት ደግሞ ከብሩ በላይ ይቺ ቃል ናት። ልጄ ከንፈሩ እንደዚያ አብጦ እንዴት አስፈላጊ አይደለም ይሉኛል?

ወረቀቱን አገላብጬ ሳየው ነገሩ ገባኝ። እንዲህ ያለ ቢል ከብዙ ቤት ስለሚመጣ ሥራውን ከውስጥ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ምርመራው ምን እንደሆነ። ሰውነታችን ጠላት ነው ብሎ የመዘገበውን ነገር የሚያስታውስበት ፀረ እንግዳ አካል አለው፤ በተለምዶ አንቲቦዲ የምንለው። ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ለአለርጂ ዋናው አይ ጂ ኢ ይባላል። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ አጋማሽ ኪሚሺጌ እና ቴሩኮ ኢሺዛካ የሚባሉ ጃፓናውያን ባልና ሚስት አሜሪካ ዴንቨር ውስጥ፣ ስዊድን ኡፕሳላ ውስጥ ደግሞ ዮሃንሰን እና ቤኒች የተባሉ ተመራማሪዎች ለየብቻቸው ደረሱበት። ስሙ የጸደቀው በ1968 ነው። ዛሬ ላብራቶሪው የሚያደርገው ከደማችሁ ትንሽ ወስዶ ከኦቾሎኒ ፕሮቲን ጋር ማገናኘት ነው። ኦቾሎኒን የሚይዝ አይ ጂ ኢ ካለ ተጣብቆ ይቀራል፣ መጠኑም ይለካል። ከዚያ ሌላ ጠብታ ከወተት ጋር፣ ሌላ ከእንቁላል ጋር፣ ሌላ ከድመት ጋር።

ቢሉም የሚያብጠው እዚሁ ላይ ነው። ደሙ አንድ ብልቃጥ ነው፤ ምርመራው ግን አንድ አይደለም።

አሜሪካ ውስጥ ሐኪም የሚሠራው ነገር ሁሉ ባለ አምስት አሃዝ ቁጥር አለው። ለአንድ ነገር ተለይቶ የሚለካው አይ ጂ ኢ ቁጥሩ 86003 ነው። ከቁጥሩ ጎን ያለው ማብራሪያ መጨረሻ ላይ አንዲት ቃል ታገኛላችሁ፤ «እያንዳንዱ»። ጎረቤቴን 912 ዶላር ያስጠየቃት ያቺ ቃል ናት። ሐኪሙ ወረቀቱ ላይ ሁለት ሳጥን ነው ምልክት ያደረገው፤ አንዱ «የልጆች ምግብ ፓነል»፣ አንዱ «የአካባቢ መተንፈሻ ፓነል»። የመጀመሪያው ውስጥ 10 ምግብ ነበረ። ሁለተኛው ውስጥ 14 ነገር፤ የዛፍ ብናኝ፣ ሣር፣ ሻጋታ፣ በረሮ፣ ውሻ፣ ድመት። ድምሩ 24፣ እያንዳንዱ በ38 ዶላር። አባዙት።

ፓነል የሚባለው ነገር እንደ በያይነቱ ነው ብላችሁ አስቡ። ልዩነቱ በያይነቱ በአንድ ዋጋ ይመጣል፣ እዚህ ግን ሽሮው ለብቻ፣ ምስሩ ለብቻ፣ ጎመኑ ለብቻ ይታሰባል።

ሌሎችም ቁጥሮች አሉ። 82785 በደም ውስጥ ያለው የአይ ጂ ኢ ጠቅላላ ድምር ነው፣ አንዴ ብቻ ይቆጠራል። 86008 ደግሞ ጠለቅ ያለው ነው፤ ከ2018 ጀምሮ የመጣ፣ ኦቾሎኒውን በጅምላ ሳይሆን በውስጡ ያሉትን ፕሮቲኖች አንድ በአንድ የሚለካ። ይሄም «እያንዳንዱ» አለበት። አንዳንድ ላብራቶሪ ኦቾሎኒው ከታየ በራሱ ጊዜ ወደዚህኛው ያልፋል፤ ሐኪሙ መጀመሪያ ሲያዝ «ከታየ ቀጥሉ» የሚለውን ከመረጠ ማለት ነው። ከጥቅም ውጭ አይደለም። አራ ኤች 2 የሚባለው ፕሮቲን ላይ የሚቆጣ ልጅ ብርቱ አለርጂ የመያዝ ዕድሉ ሰፊ ነው፤ አራ ኤች 8 ላይ ብቻ የሚቆጣው ግን ብዙ ጊዜ በርች የሚባለው ዛፍ ብናኝ አምታቶት ነው። ግን መስመር ይጨምራል። 36415 ክንዳችሁን የወጉበት ነው፣ እሱም ለብቻው ይጻፋል።

ኢንሹራንሱ ታዲያ ምን ይላል? መጀመሪያ የሚጠይቀው «ለምን በቆዳ አልተሠራም?» ብሎ ነው። ቆዳ ላይ ጠብታ አድርጎ ጫር የሚያደርገው ምርመራ ቁጥሩ 95004 ነው። በ15 ወይም 20 ደቂቃ መልስ ይሰጣል፣ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ስለዚህ ብዙ ከፋዮች፣ በዋናነት ለአረጋውያን የሚሆነው የመንግሥት ኢንሹራንስ ሜዲኬርም ጭምር በየአካባቢው ባወጣቸው መመሪያዎች፣ ደም የሚቀዳው ቆዳው የማይሆንበት ምክንያት ሲኖር ነው ይላሉ። ምክንያቶቹ የታወቁ ናቸው። ገላው ኤግዚማ በሚባለው የቆዳ በሽታ የተሸፈነ ሰው ጠብታ የሚቀመጥበት ቦታ የለውም። ቆዳውን ሲነኩት ብቻ የሚያብጥ ሰው አለ። የአለርጂ ኪኒን ለተወሰኑ ቀናት ማቆም የማይችል አለ፣ ኪኒኑ የቆዳውን መልስ ያደበዝዘዋልና። ለልብ ወይም ለደም ግፊት እንደ ሜቶፕሮሎል ያለ መድኃኒት የሚወስድ አለ፤ ችግር ቢመጣ የማዳኛው የአድሬናሊን መርፌ በደንብ ላይሠራለት ይችላል። ከዚህ በፊት ከሞት የተረፈ፣ ሁለተኛ መሞከር የሚያስፈራ አለ። አንድ ቦታ የማይቀመጥ ትንሽ ልጅም አለ።

ከነዚህ አንዱ እውነት መሆኑ ብቻውን ግን አይበቃም። መጻፍ አለበት።

እኛ ሥራ ቦታ የሚደጋገም አባባል አለ፤ ያልተጻፈ ነገር አልተሠራም። ጭካኔ ይመስላል፣ ግን ኢንሹራንሱ ቢሮ ውስጥ ያለችው ነርስ ልጁን አላየችውም። የምታየው ማስታወሻውን ነው፤ ሐኪሙ እናንተን ሲያናግር ኮምፒውተሩ ላይ የሚቸከችካትን። እስቲ ሁለት ማስታወሻ አነጻጽሩ። አንደኛው፦ «እናት ልጁ አለርጂ አለበት ትላለች። የአለርጂ ፓነል ታዟል።» ሁለተኛው፦ «ኦቾሎኒ ቅቤ በበላ በአሥር ደቂቃ ውስጥ የከንፈር እብጠትና ሽፍታ፣ ሁለት ሰዓት ቆይቶ በመድኃኒት ጠፋ። ከዚህ በፊት በሰሊጥም አንዴ አፉ አካባቢ ቀልቷል። ጀርባና ክንዱ ላይ የሰፋ ኤግዚማ አለ፣ የቆዳ ምርመራ አይቻልም። ኦቾሎኒና ሰሊጥ በደም ይታይ፤ ከታየ የአድሬናሊን መርፌ ይታዘዝለታል፣ ለትምህርት ቤቱም ደብዳቤ ይጻፋል።» ልጁ ያው ነው፣ ደሙም ያው ነው። የመጀመሪያው ይመለሳል፣ ሁለተኛው ይከፈላል። ሁለተኛው ውስጥ ምን በላ፣ ምን ሆነ፣ በስንት ደቂቃ፣ ለምን በቆዳ አልሆነም፣ መልሱስ ምን ይለውጣል የሚለው ሁሉ አለ። የመጨረሻዋን ብዙ ሐኪም ይረሳታል። መልሱ ምንም ነገር የማይለውጥ ከሆነ ከፋዩ ታዲያ ለምን ልክፈል ይላል፤ እውነት ለመናገር በዚህኛው አልፈርድበትም።

ትእዛዙ ራሱም ወግ አለው። የሚያክማችሁ ሐኪም ነው ማዘዝ ያለበት። ትእዛዙ ላይ ወይም ማስታወሻው ላይ ፊርማው መገኘት አለበት። ቢሉ ላይ የሚጻፈው ቀንም እንደ ደንቡ ደሙ የተቀዳበት ቀን ነው፣ ላብራቶሪው የሠራበት አይደለም። ስትከራከሩ ቀን ከተምታታባችሁ ስልኩን የሚያነሳው ሰው «እንዲህ ያለ ክሌም (የክፍያ ጥያቄ) የለም» ይላችኋል። አለ፤ ቀኑ ነው የተሳሳተው።

እዚህ ላይ የኛን ሰው የሚመለከት ነገር አለ። ፓነሉ የተሠራው አሜሪካዊ ማዕድ ታስቦ ነው። ወተት፣ እንቁላል፣ ስንዴ፣ አኩሪ አተር፣ ኦቾሎኒ፣ ዓሣ። የኛ ልጅ ደግሞ ሽሮ በልቶ ያድጋል፤ በጾም ሱፍ ፍትፍት ይበላል፣ ተልባ ይጠጣል፣ አያቱ ከአገር ስትመጣ ግብጦ ትሰጠዋለች፣ ሆዱን ሲያመው አብሽ። ሐኪሙ ይሄን ከየት ያውቃል? ግብጦ ከኦቾሎኒ ጋር ዘመዳሞች ናቸው፤ በኦቾሎኒ የሚቆጣ ሰው በግብጦም ሊቆጣ ይችላል፣ በአብሽም እንዲሁ ታይቷል። «ሽሮ በልቶ አሳከከው» ብትሉት አሜሪካዊው ሐኪም ሽሮን የሚጽፍበት ቦታ የለውም። «ከሽምብራና ከባቄላ የተፈጨ ዱቄት ነው፣ በርበሬ አለበት፣ ነጭ ሽንኩርት አለበት» ብትሉት ግን ሽምብራን ለይቶ ያዛል። አንድ መስመር ነው፣ ያውም የሚጠቅመው መስመር። ሰሊጥ ከ2023 መባቻ ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ምግብ መያዣዎች ላይ በግድ መጻፍ ካለባቸው ዘጠኝ ዋና ዋና የአለርጂ ምግቦች አንዱ ሆኗል፤ ሐኪም ቤታችሁ የቆየ ፓነል የሚጠቀም ከሆነ ሰሊጥ መኖሩን ጠይቁ። ከመሄዳችሁ በፊት ያያችሁትን ስልካችሁ ላይ ጻፉት። ምን በላ፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ የት ላይ ወጣ። ፎቶም አንሱ፤ ሽፍታ ሐኪም ቤት እስክትደርሱ ይጠፋል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ኮድ። የመጀመሪያው «ምን ተሠራ» ነው፣ ሁለተኛው «ለምን»። አሜሪካ ይሄን የበሽታ መዝገብ ከጥቅምት 2015 ጀምሮ አሥረኛውን እትም ነው የምትጠቀመው፤ ቁጥሮቹ በፊደል ይጀምራሉ። ጄ30.1 ከብናኝ የሚመጣ የአፍንጫ አለርጂ ነው። ኤል50.0 የአለርጂ ሽፍታ። ኤል20.9 ኤግዚማ። ዜድ91.010 ኦቾሎኒ አለርጂ እንዳለበት የታወቀ ሰው። ከዚያ አንዱ አለ፣ ሁሉም የሚቸኩልበት፤ ቲ78.40ኤክስኤ። ትርጉሙ «አለርጂ፣ ምን እንደሆነ ያልተገለጸ» ነው። የጎረቤቴ ልጅ ቢል ላይ የተጻፈው ይሄ ብቻ ነበር። 24 ምርመራ፣ አንድ ምክንያት፣ ምክንያቱም «ያልተገለጸ»። ኮምፒውተሩ ሰው ሳያየው መለሰው።

የሚገርመው የሐኪሙ ማስታወሻ ጥሩ ነበር። ከንፈሩ አለ፣ አሥር ደቂቃው አለ፣ ኤግዚማው አለ። ነገር ግን ላብራቶሪው ማስታወሻውን አያየውም፤ የሚደርሰው የትእዛዝ ወረቀቱ ነው። እሱ ላይ ምክንያቱን የሞላችው የሐኪሙ ረዳት ከዝርዝሩ የመጀመሪያውን አለርጂ የሚለውን መረጠች፣ በቃ። ሐኪሙ እውነቱን ጽፎ እውነቱ መንገድ ላይ ቀረ።

ቅጹን አይታችሁት የማታውቁ ከሆነ፣ ሐኪም ቤቶችና ላብራቶሪዎች የሚጠቀሙበት የክሌም ቅጽ ሳጥኖቹ በቁጥር ናቸው። ዛሬ አብዛኛው በኮምፒውተር ነው የሚላከው፣ ሐሳቡ ግን ያው ነው። ሳጥን 21 ላይ እስከ 12 የሚደርሱ ምክንያቶች ይደረደራሉ፣ እያንዳንዱ ፊደል ይሰጠዋል። ሳጥን 24 ላይ እያንዳንዱ የተሠራ ነገር በራሱ መስመር ይቀመጣል፤ ከጎኑ ደግሞ «ይሄ የተሠራው በየትኛው ምክንያት ነው» ተብሎ ፊደሉ ይጠቆማል፣ ከዚያ ስንት እንደተሠራ ቁጥሩ። ይቺ ጥቆማ ናት ብዙውን ቢል የምትገድለው። ለኦቾሎኒው የሽፍታው ፊደል ተጠቁሞ፣ ለዛፍ ብናኙም የዚያው ሽፍታ ፊደል ቢጠቆም፣ የሚያነበው ሰው «ኦቾሎኒ በልቶ ላበጠ ልጅ የሣር ብናኝ ምን ይሠራል?» ቢል ምን ትመልሳላችሁ? እኔም መልስ የለኝም።

ይሄን ስል ሐኪሞችን ለማሳጣት አይደለም፣ ግን በጅምላ ማዘዝ ራሱ ችግር አለው። አይ ጂ ኢ ደም ውስጥ ተገኘ ማለት ሰውየው አለርጂ አለበት ማለት አይደለም። ሰውነቱ ነገሩን ያውቀዋል ማለት ነው። ወተት በየቀኑ ያለ ምንም ችግር የሚጠጣ ልጅ ወረቀቱ ላይ ለወተት ትንሽ ቁጥር ሊመጣበት ይችላል፣ እናት ትደነግጣለች፣ ወተት ይቋረጣል፣ እንቁላል ይቋረጣል፣ ልጁ ይከሳል። የአሜሪካ የአለርጂ ሐኪሞች ማኅበር በ2012 ራሱ ለአባላቱ ሳይለዩ በጅምላ አይ ጂ ኢ አታዙ ብሏል። ስለዚህ ከፋዩ «24ቱ ለምን?» ሲል ሁሌ ከስስት ብቻ አይደለም። ጠቅላላ ድምሩ ላይ ደግሞ የኛ አገር ጉዳይ አለ፤ ወስፋትና መሰል የአንጀት ትሎች አይ ጂ ኢን ሽቅብ ይሰቅሉታል። ከአገር ቤት በቅርብ የመጣ ሰው ቁጥሩ ከፍ ብሎ ቢታይ አለርጂ ላይሆን ይችላል። መቼ እንደመጣችሁ ለሐኪሙ ንገሩ። የሰገራ ምርመራ ቢታዘዝም ምክንያቱ ማስታወሻው ላይ ይገባል፣ ያኔ ያለ ጭቅጭቅ ያልፋል።

አንድ ነገር ላይ ግን ቁጣ ይቀድመኛል። «የምግብ አለመስማማት ምርመራ» እየተባለ በኢንተርኔት የሚሸጥ አለ፤ ጣታችሁን ወግታችሁ በፖስታ ትልካላችሁ፣ ወደ መቶ ምግብ ቀይና አረንጓዴ ሆኖ ይመጣላችኋል። ያ አይ ጂ ጂ ነው፣ ሌላ ዘመድ። ኮዱም ሌላ ነው፣ 86001። አይ ጂ ጂ የሚያሳየው በአብዛኛው ምግቡን መብላታችሁን ነው። የምትበሉትን መብላታችሁን ለማወቅ ገንዘብ ትከፍላላችሁ ማለት ነው። ያው ማኅበር ይሄንንም አትጠቀሙበት ብሏል፣ ኢንሹራንሶችም በአብዛኛው አይከፍሉትም፤ አፒል፣ ማለትም ይግባኝ፣ ብትሉም ድካም ነው። ወረቀቱን ይዞ ሐኪም ቤት የሚመጣ ሰው አያለሁ፣ ሐኪሙም አክብሮ ወደ ጎን ያስቀምጥለታል።

አሁን ወደ ፖስታው እንመለስ። ከኢንሹራንስ የሚመጣው ወረቀት ሁለት ዓይነት ነው፣ ሰው ያምታታቸዋል። አንዱ «ይሄ ቢል አይደለም» ተብሎ አናቱ ላይ ተጽፎበታል፤ ኢንሹራንሱ ምን እንደወሰነ የሚነግር ነው። ሌላው ከላብራቶሪው የሚመጣው እውነተኛው ቢል ነው። የመጀመሪያው ሳይደርሳችሁ ሁለተኛውን አትክፈሉ። በፍጹም።

የመጀመሪያው ላይ ሦስት ቁጥር ፈልጉ። የተጠየቀው፣ የተፈቀደው፣ የእናንተ ድርሻ። የተጠየቀው የላብራቶሪው ምኞት ነው፤ እንደ መርካቶ የመጀመሪያ ዋጋ ቁጠሩት። የተፈቀደው ላብራቶሪውና ኢንሹራንሱ ቀድመው የተዋዋሉበት ነው። ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ ያህል፣ ሜዲኬር ለ86003 የሚከፍለው ለእያንዳንዱ 5 ዶላር ገደማ ነው። 38 የተጻፈበት ያው ምርመራ።

ከዚያ ትንንሽ ኮዶች አሉ። እናንተ ወረቀት ላይ በቃላት ተጽፈው ሊመጡ ይችላሉ፣ ሐኪም ቤቱ ግን በኮድ ነው የሚደርሰው፤ ደውላችሁ «ኮዱን ንገሩኝ» ማለት ትችላላችሁ። ሲኦ ከሆነ ነገሩ በኢንሹራንሱና በኔትወርክ ውስጥ ባለው፣ ማለትም ከኢንሹራንሱ ጋር ውል ባለው፣ ላብራቶሪ መካከል ነው፤ እናንተ ላይ አይወርድም። ፒአር ከሆነ የእናንተ ነው። ፒአር 1 ዲዳክቲብላችሁ፣ ማለትም ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት በዓመት ከኪሳችሁ የምትሞሉት፣ ገና አልሞላም ነው፤ ፒአር 3 ኮፔይ፣ በየጊዜው የምትከፍሉት የተወሰነ ድርሻ። ሲኦ 45 ከውሉ በላይ የተጠየቀው ተቆርጧል ማለት ነው። ሲኦ 50 ያቺ «አስፈላጊነቱ አልተረጋገጠም» ናት። ሲኦ 11 ምክንያቱና የተሠራው አይገጥምም፣ ሲኦ 16 መረጃ ጎድሏል፣ ሲኦ 197 ቀድሞ ፈቃድ አልተጠየቀም። የጎረቤቴ 50 ነበረች። ከፊቷ ሲኦ አለ። ላብራቶሪው ግን 912ቱን እንዳለ ላከባት። ስህተት ነው ወይስ እስቲ ትከፍል እንደሆነ ነው፣ ፍርዱን ለእናንተ።

አንድ ነገር ብቻ ልዩነት ያመጣል፤ የፈረማችሁት ወረቀት። ደም ከመቀዳቱ በፊት «ኢንሹራንሴ ካልከፈለ እኔ እከፍላለሁ» የሚል ፈርማችሁ ከሆነ ጨዋታው ይለወጣል። ሜዲኬር ላይ ይሄ ወረቀት ራሱን የቻለ ቅጽ ነው፣ ምርመራው ተጠቅሶ፣ ላይከፈል የሚችልበት ምክንያትና የዋጋ ግምቱ ተጽፎበት ነው የሚሰጣችሁ። እናትና አባቶቻችን ላይ ይሄ ይበዛል፤ «እዚህ ጋ ይፈርሙ እማማ» ይባላሉ፣ ይፈርማሉ። አብራችሁ ከሄዳችሁ አንብቡላቸው። አለመፈረምም ይቻላል፣ ያኔ ምርመራውን ላይሠሩት ይችላሉ። ሜዲኬድ፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች የሚሰጠው የመንግሥት ኢንሹራንስ፣ ያላችሁ ደግሞ ፕሮግራሙን የተቀበለ ሐኪም ወይም ላብራቶሪ ለተሸፈነ ምርመራ ትርፍ ሊያስከፍላችሁ አይችልም።

ላብራቶሪው ኔትወርክ ውስጥ መሆኑንም አረጋግጡ። ሐኪማችሁ ኔትወርክ ውስጥ ሆኖ ደሙን የሚልክበት ላብራቶሪ ውጭ ሊሆን ይችላል። ከ2022 መግቢያ ጀምሮ ከድንገተኛ ቢል የሚጠብቅ የፌደራል ሕግ አለ፣ ግን ሰው ከሚያስበው ይጠባል። ኔትወርክ ውስጥ ባለ ሆስፒታል ደም ከተቀዳችሁ ውጭ ያለው ላብራቶሪ ሊዘርፋችሁ አይችልም። ከግል ክሊኒክ ተቀድቶ ውጭ ላለ ላብራቶሪ ከተላከ ግን ሕጉ ላይደርስላችሁ ይችላል። ኢንሹራንስ የሌላችሁ ያው ሕግ ሌላ ነገር ሰጥቷችኋል፤ ቀድማችሁ የዋጋ ግምት በጽሑፍ ጠይቁ። ቢሉ ከግምቱ 400 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ካለፈ በ120 ቀን ውስጥ መከራከር ትችላላችሁ።

ከተመለሰ በኋላስ? ብዙ ሰው ወዲያው አፒል ይጽፋል። እኔ መጀመሪያ እሱን አላደርግም። መጀመሪያ የሐኪሙን ማስታወሻ እጠይቃለሁ፤ ሕጉ መብታችሁ ነው ይላል፣ ከጠየቃችሁ በ30 ቀን ውስጥ መስጠት አለባቸው። ብዙ ቦታ ስልካችሁ ላይ ባለው ፖርታል ወዲያው ታገኙታላችሁ። አነባለሁ። ማስታወሻው ላይ ያለው ታሪክና ቢሉ ላይ ያለው ምክንያት ካልገጠሙ አፒል አያስፈልግም፣ እርማት ነው የሚያስፈልገው። ሐኪም ቤቱ ትክክለኛውን ምክንያት ለላብራቶሪው ይልካል፣ ላብራቶሪው ክሌሙን አስተካክሎ መልሶ ይልካል። ሳጥን 22 ላይ 7 ቁጥር ይገባል፤ «ይሄ የድሮውን የሚተካ ነው» ማለት ነው። ያቺን 7 ከረሷት «ደጋግማችሁ ላካችሁ» ተብሎ ድጋሚ ይመለሳል። ስቄም አልቅሼም አውቃለሁ በዚህች 7።

እርማቱ ካልሠራ አፒል አለ። አብዛኛው የግል ኢንሹራንስ ላይ ከተመለሰበት ቀን 180 ቀን አላችሁ። የሐኪሙ ማስታወሻ ይያያዝ፣ ከሐኪሙ አንድ ገጽ ደብዳቤም ይጨመር፤ ረጅም አይሁን፣ ለምን በቆዳ እንዳልተሠራና መልሱ ምን እንደለወጠ ብቻ። እዚያው ኢንሹራንሱ ውስጥ ካልሆነ ውጭ ያለ ገለልተኛ ሰው እንዲያየው መጠየቅ ይቻላል፤ የመጨረሻው እምቢታ ከደረሳችሁ በአራት ወር ውስጥ።

ሐኪሙን ግን ያልነበረ ነገር ጻፍልኝ አትበሉት። «የሚከፈለውን ኮድ አድርጉልኝ» የሚሉኝ ሰዎች አሉ፣ በቅንነት ነው የሚሉት። ማጭበርበር ነው፤ ሐኪሙንም እናንተንም ያስጠይቃል። የነበረ ነገር ሳይጻፍ ቀርቶ ከሆነ ግን ሐኪሙ የዛሬውን ቀን አስቀምጦ ሊጨምርበት ይችላል።

ብሩ የእናንተ ሆኖ ከቀረም ወዲያው ካርድ አታውጡ። ምርመራው በሆስፒታል በኩል ከሆነና ሆስፒታሉ ለትርፍ ያልቆመ ከሆነ የእርዳታ ፖሊሲ እንዲኖረው ሕግ ያስገድደዋል፣ ከመጀመሪያው ቢል ጀምሮ 240 ቀን ለማመልከት አላችሁ። የሰውን የብድር ታሪክ የሚይዙት ሦስቱ የክሬዲት ድርጅቶችም ከ2023 ጀምሮ ከ500 ዶላር በታች የሆነ የሕክምና ዕዳ ሪፖርት ላይ እንደማያወጡ አስታውቀዋል፤ ከዚያ በላይ የሆነውንም ቢያንስ አንድ ዓመት ይጠብቃሉ። ስለዚህ «ክሬዲትህን እናበላሻለን» ብሎ የሚያስፈራራ ስልክ ሲመጣ ትንፋሽ ውሰዱ። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ ደግሞ የኢንሹራንሱ ደብዳቤ መጨረሻ ገጽ ላይ፣ ከሃያ ቋንቋ መሃል፣ በዚያች «ኣ» ባለችው የተንሻፈፈች አማርኛ የተጻፈች መስመር አለች፤ አስተርጓሚ በነጻ ይሰጣል ነው የምትለው። እውነቷን ነው። ደውላችሁ «አማርኛ» ብቻ በሉ፣ ጠብቁ።

ጎረቤቴ ጋር ስልኩን ከፍተን አብረን ደወልን። ሐኪም ቤቱ በሦስት ቀን ውስጥ አዲስ ትእዛዝ ላከ፤ ኤል50.0 እና ኤል20.9፣ ለምግቦቹ ብቻ ተጠቁሞ። ሰባት ሳምንት ፈጀ። 10ሩ ምግብ ተፈቀደ፣ እያንዳንዱ በ7 ዶላር፤ ዲዳክቲብሏ ስላልሞላ 70 ዶላሩን እሷ ከፈለች። 14ቱ የብናኝና የእንስሳ ምርመራዎች አሁንም ሲኦ 50 ሆነው ቀሩ፤ የፈረመችው ወረቀት ስለሌለ ላብራቶሪው ሰረዘው።

ልጁ ኦቾሎኒው ወጥቶበታል፣ መርፌውም ቦርሳው ውስጥ ነው። ዘንድሮ ድጋሚ ደም ሲቀዳ እናቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ «ዶክተር፣ ስንት ናቸው?» አለችው። ዶክተሩ እንደዚህ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም መሰለኝ፣ ስክሪኑን ዞሮ በጣቱ ቆጠረ። ሃያ ምናምን ደርሶ ቆመ። ከዚያ ያንን አጥፍቶ ኦቾሎኒ፣ ሰሊጥና ሽምብራ ብቻ ጻፈላት።